ታሪኩንማ መምህሩም ያውቀዋል

ኅዳር ለፎገራ ሜዳ ፋታ የለሽ ወር ነው። በጉማራና በርብ ወንዞች መካከል የተዘረጋው ማሳ ሩዙ ደርሶ ይታጨዳል። ወረታ ከተማ ውስጥ በአስፋልቱ ግራና ቀኝ የተተከሉት የሩዝ መፈልፈያ ማሽኖች ከጧት እስከ ማታ ያጓራሉ። ጆንያ የጫነ ጋሪ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ከሚያልፈው አውቶቡስና ወደ ደብረ ታቦር ከሚታጠፈው ሚኒባስ ጋር መንገድ ይጋፋል። ወሩ ግን የመኸር ብቻ አይደለም፤ የመንፈቀ ዓመቱ አጋማሽ ፈተናም የሚቀርብበት ነው። ጧት ከወላጆቹ ጋር ማጭድ ይዞ ያረፈደ ልጅ ከሰዓት በኋላ የአማርኛ ፈተና ላይ ሊቀመጥ ይችላል። የምርጫውን ክፍል ጨርሶ ወረቀቱን ሲገለብጥ ከታች አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ «በ‹ፍቅር እስከ መቃብር› ልብ ወለድ ውስጥ የጉዱ ካሳን ሚና በማስረጃ አስደግፈህ ተንትን» የሚል ዓይነት፣ አሥር ማርክ የተሰጠው ጥያቄ።

ለእንዲህ ያለው ጥያቄ የሚጻፈው መልስ፣ የወረታም ይሁን የአዲስ አበባ ተማሪ ይጻፈው፣ መልኩ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። መጀመሪያ ደራሲው ይወለዳሉ፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ፣ መጽሐፋቸው የታተመው በ1958 ዓ.ም.። ከዚያ ታሪኩ ከማንኩሳ ይነሣል። በዛብህ ይወለዳል፣ ይማራል፣ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት አስተማሪ ሆኖ ይገባል፣ ሰብለ ወንጌልን ይወዳል፣ ይሰደዳል፣ ይሞታል። አንድ ገጽ ተኩል በዚህ ያልቅና ጉዱ ካሳ መጨረሻው ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቅ ይላል፤ «ተራማጅ ገጸ ባሕርይ ነው»። መደምደሚያው ደግሞ ምክር ነው፤ ከዚህ ልብ ወለድ የምንማረው ኋላ ቀር ልማድ ጎጂ መሆኑን ነው። መምህሩ በቀይ ከአሥር አራት ይሰጣል። ተማሪው ወረቀቱ ሲመለስለት ግራ ይገባዋል፤ ግራ መጋባቱም እውነት አለው። ከጻፈው ውስጥ አንድም ሐሰት የለም። የተወለዱበት ዓመት ልክ ነው፣ የታተመበት ዓመት ልክ ነው፣ በዛብህም በእርግጥ ይሞታል።

የሥነ ጽሑፍ ትንተና ስሕተት ከሌላው ትምህርት ስሕተት የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በሒሳብ የተሳሳተ ሰው የተሳሳተ ቁጥር ይጽፋል። በትንተና የሚሳሳተው ግን አብዛኛውን ጊዜ ትክክለኛ ነገር ይጽፋል፤ የሚጽፈው ላልተጠየቀ ጥያቄ ነው። ትረካ መድገም፣ የደራሲ የሕይወት ታሪክ፣ የቃላት ድርደራ፣ ስብከት እየተባሉ ለየብቻ የሚቆጠሩት ጥፋቶች ሥራቸው አንድ ይመስለኛል። ተማሪው ስለ መጽሐፉ የሚያውቀውን ያስረክባል እንጂ፣ ስለ መጽሐፉ አንድ ነገር ብሎ «በምን አወቅህ?» ለሚለው መልስ አይሰጥም። እንዲህ የሚያደርገው ሰንፎ አይደለም። የተፈተነባቸው ዓመታት ሁሉ ያስተማሩት ማስረከብን ስለሆነ ነው።

ትረካ መድገምን እናስቀድም፤ ከሁሉ የበዛው እሱ ነው። ታሪኩን የሚደግም ተማሪ መጽሐፉን ማንበቡን ማስመስከሩ ነው፤ መምህሩ ግን ታሪኩን ያውቀዋል፣ ምናልባትም ሃያ ጊዜ አስተምሮታል። የማያውቀው ተማሪው በታሪኩ ውስጥ ያየውን ነው። ጉዱ ካሳ በልብ ወለዱ ውስጥ የኅብረተሰቡን ወግና ሥርዓት ሕይወት ከሌለው የድንጋይ ካብ ጋር የሚያነጻጽርበት ንግግር አለው። ደጋሚው «ጉዱ ካሳ ሥርዓቱን ተቸ» ብሎ ያልፋል። ተንታኙ እዚያ ይቆማል። ይህን የሚናገረው ማን ነው? አገሬው «ጉዱ» ብሎ ስም ያወጣለት፣ እንደ ዕብድ የሚያየው ሰው። በመጽሐፉ ውስጥ ስለ ሥርዓቱ የጠራ ነገር የሚናገረው እንደ ጤነኛ የማይቆጠረው ከሆነ፣ ጤነኛ የተባሉት ምን ሊሆኑ ነው? ደግሞስ ንግግሩን የሰማው ማን ነው? ሰምቶስ ምን ለወጠ? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በአንድ አንቀጽ የመለሰ ተማሪ ከበዛብህ ልደት ሳይነሣ፣ በግማሽ ገጽ ብቻ፣ ካሳን ተንትኖታል። ታሪኩ የሚጠቀሰው ክርክሩን ሲያግዝ፣ በሚያግዝበት ቦታ፣ በሚያግዝበት መጠን ነው።

ሁለተኛው ጥፋት ጭብጥን እንደ መፈክር መያዝ ነው። «የፊውዳሉ ሥርዓት ፍቅርን ገደለ» የሚለው ዓረፍተ ነገር በብዙ ማስታወሻ ደብተር ውስጥ ይገኛል፤ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተቀዳ ነው ማለት ይቻላል። ለዚህ አባባል መጽሐፉ ማስረጃ አያጣም። ፊታውራሪው ለልጃቸው የሚመጥን ዘር ሲመርጡ የልጅቱ ዕድሜ ያልፋል፤ ከባላገሩ ላይ ከወትሮው ያለፈ ለመውሰድ ሲሉ ባላገሩ ይነሣባቸዋል። ነገር ግን ይኸው መጽሐፍ በዛብህን የስለት ልጅ አድርጎታል። ሚስት እንዳያገባ ለእግዚአብሔር የተሳሉት የገዛ ወላጆቹ ናቸው፤ ባላባት አይደሉም፣ ልጃቸውን አይጠሉም፣ እንዲያውም የተሳሉት ስለሚወዱት ነው። እንግዲህ ፍቅሩን ያሰረው የጌቶቹ ትዕቢት ብቻ ነው ወይስ የወላጆቹ ፍቅርም ጭምር? እዚህ ጋ መፈክሩ ይሰነጠቃል፤ ጥሩው ድርሰት የሚጀምረውም ከዚህ ስንጥቅ ነው። ለራሱ አባባል የማይመቸውን ማስረጃ ከመጽሐፉ ፈልጎ ያመጣ ተማሪ፣ አቋሙን ቢለውጥም ባይለውጥም፣ ፈታኙ ከሚጠብቀው በላይ ሄዷል።

ሦስተኛውን በደቡብ ጎንደር በተለየ ብርታት መጠበቅ ይቻላል፤ ልብ ወለድን እንደ ታሪክ መዝገብ ማንበብ ነው። ከወረታ አንድ ሰዓት የማይሞላ የመኪና መንገድ የምትርቀው ደብረ ታቦር የዐፄ ቴዎድሮስ መናገሻ ነበረች። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በአጠገቧ ጋፋት ላይ ተሠርቶ በ1860 ዓ.ም. እስከ መቅደላ ተጎትቷል። በዚህ አገር ያደገ ልጅ ይህን ከመጽሐፍ በፊት ከሽማግሌ ይሰማዋል። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ»ን፣ አቤ ጉበኛ ደግሞ «አንድ ለናቱ»ን ጽፈዋል። ሁለቱም ያነሡት ያንኑ ንጉሥ ነው፤ ሁለቱ መጻሕፍት ግን አንድ መጽሐፍ አይደሉም። ከመካከላቸው ስለ አንዱ የተጠየቀ ተማሪ ስለ ጋፋት፣ ስለ እንግሊዞች፣ ስለ ሚያዝያ 1860 በቃሉ የሚያውቀውን ይጽፋል፤ የጻፈውም ስለ ሰውየው እንጂ ስለ ገጸ ባሕርዩ አይደለም። የሚጠየቀው ከሚታወቀው ታሪክ ደራሲው ምኑን እንዳስቀረ፣ ምኑን እንዳጎላ፣ ንጉሡን በማን ዓይን እንዳሳየን ነው። እዚህ ላይ የታሪክ እውቀቱ ከንቱ አይደለም፤ እንዲያውም ከሌላ አገር ተማሪ የበለጠ መሣሪያ ይሰጠዋል። የደራሲውን ምርጫ ማየት የሚችለው ሌላ ምርጫ እንደነበረ የሚያውቅ ነውና። መሣሪያውን ግን እንደ መልስ አድርጎ ሲያቀርበው ማርኩ ይሄዳል።

አራተኛው ጥፋት፣ ስያሜ መደርደር፣ ቶሎ የሚታለፍ ነው፣ ግን በግጥም ጥያቄ ላይ ያለ እሱ የሚያልፍ ወረቀት ጥቂት ነው። «ገጣሚው ተለዋጭ ዘይቤና ሰውኛ ዘይቤ ተጠቅሟል፤ ይህም ለግጥሙ ውበት ሰጥቶታል።» ተማሪው ቀለሙን ቆጥሮ የወል ቤት መሆኑን፣ እያንዳንዱ ሐረግ ስድስት ቀለም መያዙን ያረጋግጣል፤ አረጋግጦም ይቆማል። ውበት የሰጠው እንዴት ነው? ስድስት ስድስት እየሄደ የነበረው ምት አንድ ስንኝ ላይ ከተሰበረ፣ የተሰበረበት ቦታ ላይ ምን ተባለ? ይህን ያልጠየቀ ቆጠራ ቆጠራ ብቻ ነው። መቼትም ላይ እንዲሁ ነው፤ «ቦታው ጎጃም፣ ጊዜው ከጣልያን ወረራ በፊት» ተብሎ ይታለፋል። የፎገራ ልጅ ግን መቼት ምን እንደሚሠራ ከማንም ይልቅ ያውቃል። ይህ ሜዳ በየክረምቱ ከሁለቱ ወንዞች በሚወጣ ውሃ ይተኛል፤ የተኛው ውሃ ሌላውን ሰብል አላሳድግ ሲል በ1970ዎቹ ጅግና በተባለው ቦታ አካባቢ የተሞከረው ሩዝ ሥር ሰደደ፣ አሁን ወረታ የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ናት። መሬቱ ለነዋሪው ሕይወት ከበስተጀርባ የተሰቀለ መጋረጃ አይደለም፣ የሚሆነውንና የማይሆነውን የሚወስን ነው። በልብ ወለድም ውስጥ ጥያቄው ያው ነው፤ ታሪኩ ከዚያ ቦታ ቢነሣ ምኑ መሆን ያቅተዋል?

ይህ ሁሉ የተማሪ ጥፋት ቢሆን ኖሮ መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ምክር መስጠት። ተማሪው የሚኖርበትን የፈተና ዓለም ስናይ ግን ነገሩ ይለወጣል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ጥያቄዎቹ ምርጫ ናቸው፤ አማርኛም ከሚፈተኑት ትምህርቶች መካከል የለም። የዚያ ፈተና ውጤት ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ማንም ያውቃል። ከግማሽ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ ነበሩ። በአማራ ክልል ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ባለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ የተከፈተውም ተቆራርጦ ነው የቆየው። በዚህ ሁኔታ ያለ ተማሪ ጊዜውን ለምርጫ ጥያቄ፣ ለሾርት ኖትና ለሽምደዳ ቢሰጥ አእምሮ አለው ማለት ነው። ምርጫ የሚያሠለጥነው ከአራት የተዘጋጁ መልሶች አንዱን መለየትን ነው፤ ትንተና የሚጠይቀው ያልተዘጋጀ መልስ ማበጀትን። አንዱን ለአሥር ዓመት የሠራ ሰው ሌላውን በአንድ ከሰዓት እንዲያወጣ መጠበቅ ፍርደ ገምድልነት ነው።

«ታዲያ ብሔራዊ ፈተናው ካልጠየቀው ለምን እንጨነቃለን?» የሚል ይኖራል። ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ፣ ሕግ ያጥና ጤና፣ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ የሚጠየቀው አንድን ጽሑፍ አንብቦ የራሱን አቋም በማስረጃ መጻፍ ነው። በዚያ ጊዜ ሥነ ጽሑፍ ባይሆንም ሥራው ያው ነው። ልምምዱን በነጻ የሚሰጠው የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ነበር፤ ቋንቋው የራሱ ነው፣ ታሪኩ የቅርቡ ነው፣ በእንግሊዝኛ የሚያጥረው ቃል እዚህ አያጥረውም።

ጠንካራው ተቃውሞ ግን ሌላ ነው። የሽምደዳ ባሕላችን ከአብነት ትምህርት ቤት የመጣ ነው፣ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ወረሰው እንጂ አልፈጠረውም፤ ስለዚህ ሥር የሰደደ ነገር በአንድ የፈተና ጥያቄ አይነቀልም ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። ከወረታ በስተ ምሥራቅ ጋይንት ውስጥ ያለችው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። እዚያ ዜማው እንደ ወረደ ይጠናል፤ ተማሪው ከራሱ አንድ ምልክት አይጨምርም፣ መጨመርም የለበትም፣ ምክንያቱም ሥራው ማቆየት ነው። ነገር ግን ያው ሥርዓት ቅኔ ቤት ሲደርስ ሕጉን ይገለብጠዋል። የቅኔ ተማሪ ትናንት የተባለውን ይዞ መምህሩ ፊት አይቀርብም። ጉባኤ ቃና ይሁን መወድስ፣ የራሱን ቆጥሮ፣ ለመምህሩ ነግሮ፣ በጓደኞቹ ፊት ይታረማል። ሰሙ ከወርቁ ካልገጠመ ይመለስበታል። የሌላ ሰው ቅኔ ያቀረበ ነውረኛ ነው። የአንድምታ ትርጓሜም ንባቡን ካስቀደመ በኋላ «ስለ ምን ቢሉ» እያለ ጥያቄ ያነሣል፣ ይመልሳል፣ አንድ መልስ አልበቃ ሲለው ሌላ ይጨምራል። እርግጥ ነው፣ ያ ትርጓሜ ራሱ በቃል የሚወራረስ ሆኖ ኖሯል፤ ከዘመናዊ ሂስ ጋር አንድ ነው ማለት ማጋነን ነው። ከንባቡ ሳይነሣ ትርጓሜ አለመስጠቱ ግን ዛሬ በፈተና ወረቀት ላይ የጎደለው ነገር ነው። እንግዲህ የአብነቱ ትምህርት የሚጠናውንና የሚፈጠረውን ለይቶ ያውቅ ነበር፤ የቀላቀልናቸው እኛ ነን። ሥነ ጽሑፍን በድጓ ሕግ እያስተማርን በቅኔ ሕግ እናርማለን።

ሌላው ተቃውሞ ከራሳቸው ከተማሪዎቹ የሚመጣ ነው፤ ሥነ ጽሑፍ የጣዕም ጉዳይ ስለሆነ የመምህሩን ጣዕም ያልገመተ ይወድቃል የሚል። ቅሬታው መሠረት አለው፤ የማርክ አሰጣጡ ካልተገለጸ ጥሩ ድርሰት የቱ እንደሆነ በግምት ነው የሚታወቀው። ይሁንና ጣዕም ብቻ ቢሆን ኖሮ ከማስረጃ የመራቅ ጥፋት በየአገሩ እንዲህ አይመሳሰልም ነበር። የካምብሪጁ መምህር አይ. ኤ. ሪቻርድስ ለተማሪዎቹ የገጣሚው ስም ያልተጻፈባቸው ግጥሞች ሰጥቶ አስተያየታቸውን ሰብስቧል፤ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1929 በመጽሐፍ አሳትሞታል። በእንግሊዝ አገር ከታወቀ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ወጣቶች ደራሲው ማን እንደሆነ የሚነግራቸው ሲጠፋ ከገጹ ላይ ያለውን ቃል ትተው ወደ ተለመደ ስሜት፣ ወደ የግል ትዝታ፣ ወደ ቀድሞ እምነታቸው ሲሸሹ ታይተዋል። የሸሹት ድሆች ወይም መጽሐፍ ያጡ ስለሆኑ አይደለም። ገጹ ላይ ዓይንን ማሳረፍ በተፈጥሮ የሚገኝ ሳይሆን የሚለመድ ስለሆነ ነው። የሰው ጣዕም ይለያያል፤ ሁለት አንባቢ ስለ ጉዱ ካሳ ተቃራኒ ነገር ጽፈው ሁለቱም አሥር ሊያገኙ ይችላሉ። ያለ ማስረጃ የጻፈ ግን፣ ከመምህሩ ጋር ቢስማማም፣ አሥር ሊያገኝ አይገባውም።

የመጽሐፍ እጥረትን ነገር መሸሽ አይቻልም። «ፍቅር እስከ መቃብር» ወፍራም መጽሐፍ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ አንድ ቅጂ ካለ መልካም ዕድል ነው፣ ብዙዎች የሚያውቁት በመማሪያ መጽሐፉ ቅንጭብ፣ በሬዲዮ ትረካ ወይም በመምህሩ ገለጻ ነው። ያላነበበውን መጽሐፍ እንዲተነትን የተጠየቀ ተማሪ የሰማውን ታሪክ ከመድገም ሌላ ምን ምርጫ አለው? ስለዚህ ጥያቄው ራሱ ስሕተቱን ይጋብዛል። «የእገሌን ሚና ተንትን» ተብሎ መላው መጽሐፍ ሲሰጠው ተማሪው መላውን መጽሐፍ ይመልሳል። ከመጽሐፉ አሥር መስመር ተመርጦ «በዚህ ንግግር ውስጥ ተናጋሪው ስለ አድማጩ ምን እንደሚያስብ ከቃላቱ አሳይ» ቢባል ግን የደራሲው ልደት ቦታ አያገኝም፣ የበዛብህም ሞት እንዲሁ። ያላነበበው ካነበበው ጋር እኩል ይቀመጣል። የፈረንሳይ ተማሪዎች በባካሎሪያ ፈተናቸው የሚተነትኑት ጽሑፍ ታትሞ ፊታቸው ላይ ይቀርብላቸዋል፤ ይህን ማድረግ የፈረንሳይን በጀት አይጠይቅም። ወረቀት ማባዛት ካልተቻለ አሥሩን መስመር በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ መጻፍና ሁለት ጊዜ ማንበብ ይበቃል።

የሚቀረው የእርማቱ ጣጣ ነው፤ ይህ የመምህራን እውነተኛ መከራ ስለሆነ በሒሳብ ይታይ። አንድ መምህር አምስት ክፍል ቢይዝና በየክፍሉ ስልሳ ተማሪ ቢኖር ሦስት መቶ ወረቀት ይቆለልበታል። ሁለት ገጽ ትረካ ለማንበብ ስድስት ደቂቃ ቢፈጅ ሠላሳ ሰዓት ነው፤ ከሠላሳው ሰዓት አብዛኛው የሚያውቀውን ታሪክ መልሶ ለማንበብ የሚጠፋ ነው። መልሱ በግማሽ ገጽ ቢወሰን፣ ከአሥሩ ማርክ ሁለቱ ለአቋሙ፣ አምስቱ ከቀረበው ጽሑፍ ለተጠቀሱ ቃላትና ለማብራሪያቸው፣ ሁለቱ ለማይመቸው ማስረጃ፣ አንዱ ለአጻጻፉ ቢመደብና ይህም ከፈተናው በፊት ሰሌዳ ላይ ቢጻፍ፣ ለአንዱ ወረቀት ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ሦስት መቶው በአሥር ሰዓት ያልቃል፤ ለተማሪው የሚመለሰው ወረቀትም ከአራቱ ማርክ አጠገብ በየትኛው መስፈርት እንደጎደለበት የሚያሳይ ይሆናል።